ሄማቶክሪት 55፦ ደምዎን ከማስወጣትዎ በፊት የመርፌውን መጠን ያስተካክሉ

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 52 ነው። ዴንቨር፣ ኮሎራዶ መኖር ከጀመርኩ 15 ዓመት አልፎኛል። ቴስቶስተሮን የተባለው የወንድ ሆርሞንህ አንሷል ተብዬ ከዓመት ከመንፈቅ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ 200 ሚሊግራም ቴስቶስተሮን ሳይፒዮኔት እወጋለሁ። ጉልበቴ ተመልሷል፣ መንፈሴም ተነቃቅቷል። ባለፈው ሳምንት ግን ሄማቶክሪትህ 55.4፣ ሄሞግሎቢንህ 18.4 ነው፣ ደምህ በዝቷል አሉኝ። ስጀምር 48 ነበር። የግፊት መለኪያ ገዝቼ ጠዋት ማታ ስለካ 124 በ78 ነው፤ ታዲያ የበዛው ምኑ ነው? ወንድሜ “እኛ ደገኞች ነን፣ ደማችን ድሮም ወፍራም ነው” ይላል። ጂም የማውቀው ልጅ ደግሞ “በየሁለት ወሩ ደም እየለገስክ መርፌህን ቀጥል፣ ከ45 በታች ማውረድ አለብህ” አለኝ። ለጊዜው አስፕሪን ጀምሬያለሁ፤ ብረት አለው ስለሚባል የጤፍ እንጀራም ትቻለሁ። ለስኳር ሜትፎርሚንና ኤምፓግሊፍሎዚን እወስዳለሁ። አላጨስም። ባለቤቴ “ታንኮራፋለህ” ትላለች። ከስድስት ሳምንት በኋላ አዲስ አበባ ለመሄድ ቲኬት ቆርጫለሁ። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦ መጀመሪያ ያሳሳተዎት «ደምህ በዝቷል» የሚለው አነጋገር ነው። በአማርኛ «ደም ብዛት» የምንለው የደም ግፊትን ስለሆነ፣ ብዙ ሰው እንደ እርስዎ መለኪያ ገዝቶ ክንዱ ላይ ያስራል፤ ቁጥሩ ደህና ሲሆንም ሐኪሙ የተሳሳተ ይመስለዋል። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ግፊት ደሙ የደም ሥሩን ግድግዳ ምን ያህል እንደሚገፋ ይለካል። ሄማቶክሪት ግን ከደሙ ውስጥ ስንት እጁ ቀይ ሴል እንደሆነ ይናገራል። በድሮው ዘዴ ሲሠራ በዓይን ይታያል፦ ደሙ ክር በምታክል የመስታወት ቱቦ ይቀዳል፣ አንዱ ጫፍ ይደፈናል፣ ቱቦዋ ማሽን ላይ ለአምስት ደቂቃ ያህል ትሽከረከራለች። ስትወጣ ከታች ጥቁር ቀይ፣ ከላይ ፈዘዝ ያለ ጠጅ የመሰለ ቢጫ ፈሳሽ፣ በመካከላቸው ደግሞ የነጭ ሴሎችና ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የፕሌትሌት ቀጭን መስመር ይታያል። ደሙ 100 ሚሊሜትር ቢረዝም የእርስዎ 55ቱ ቀይ ነው ማለት ነው። የአብዛኛው ጤነኛ ወንድ ከ40 እስከ 50 ባለው መካከል ይሆናል። ደሙ የሚወፍረው ደግሞ በእኩል እርምጃ አይደለም፤ ከ50 በላይ የሚጨመረው እያንዳንዱ ነጥብ ከበታቹ ካለው ይበልጥ ያወፍረዋል።

ቁጥሩ የላብራቶሪ ስህተት ይሆን ብለው ተስፋ አድርገው ከሆነ፣ ስህተት አይመስልም። በቀይ ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን በሦስት ሲባዛ ሄማቶክሪትን ይጠጋል፤ የእርስዎ 18.4 በሦስት 55.2 ነው፣ ከተጻፈው 55.4 ጋር ይገጥማል። ናሙናው ሳይመረመር ብዙ ሰዓት ከቆየ ሴሎቹ ያብጡና ሄማቶክሪቱ ብቻውን ከፍ ይላል፣ ሄሞግሎቢኑ ግን ባለበት ይቀራል፤ እዚህ ሁለቱም አብረው ወጥተዋል። የሚቀረው ጥርጣሬ የውኃ ማነስ ነው። «ጾመህ ና» ሲባል ብዙዎቻችን ከማታ ጀምሮ ውኃም አንቀምስም፤ ለደም ምርመራ መጾም ግን ከውኃ መከልከል ማለት አይደለም። ከንፈር ደርቆ የተቀዳ ደም ሁለት ሦስት ነጥብ ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ውኃ በደንብ ጠጥተው ይድገሙት። ግን ከ48 ወደ 55 ያደረሰዎት ጥማት ብቻ ነው ብዬ አላምንም።

ያደረሰዎት መርፌው ነው። ቴስቶስተሮን ቀይ ሴል እንዲበዛ በሁለት በኩል ይሠራል። በአንድ በኩል ኩላሊት የሚያመነጨውንና መቅኔን «ሥራ» የሚለውን ኤሪትሮፖይቲን የተባለ ሆርሞን ከፍ ያደርጋል። በሌላ በኩል ሄፕሲዲንን ዝቅ ያደርጋል። ሄፕሲዲን የብረት በር ጠባቂ ነው፤ እሱ ሲያንስ በሩ ይከፈትና ጉበትና ሌላ ቦታ የተጠራቀመው ብረት ለመቅኔ ይለቀቃል። ትእዛዙም ጥሬ ዕቃውም በአንድ ጊዜ ሲደርሰው መቅኔው በሙሉ ኃይሉ ያመርታል። ይህ የመድኃኒቱ የታወቀ ጠባይ እንጂ በእርስዎ ላይ ብቻ የደረሰ ያልተለመደ ነገር አይደለም። በዕድሜ የገፉ ወንዶች ላይ ይበረታል።

የአወሳሰዱ ሁኔታ ደግሞ ያባብሰዋል። በአንድ ጊዜ 200 ሚሊግራም ሲወጉ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት የደምዎ ቴስቶስተሮን ጤነኛ ወጣት ከሚኖረው በላይ ይወጣል፤ ከዚያ እየወረደ ሄዶ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ከሚፈለገው በታች ይደርሳል። መቅኔው ያንን ጫፍ ያያል። ለዚህ ነው አጭር ጊዜ የሚቆዩት መርፌዎች፣ ማለትም ሳይፒዮኔትና ኢናንቴት፣ ቆዳ ላይ ከሚቀባው ጄል ይልቅ ሄማቶክሪትን በብዛት ከፍ የሚያደርጉት። ምናልባት እርስዎም መርፌው ሊደርስ አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው ድካምና ብስጭት ይሰማዎት ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው መጠኑ ይጨመርልኝ ይላል፤ የሚያስፈልገው ግን መቀነስና መከፋፈል ነው።

ወንድምዎ ያሉት ነገር በቅን ልቦና የተነገረ ቢሆንም ስህተት ነው፤ እንዲያውም እውነታው ተቃራኒው ነው። በ2002 የታተመ የሲንቲያ ቤልና የባልደረቦቿ ጥናት ሰሜን ተራሮች ላይ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን መርምሮ የወንዶቹ አማካይ ሄሞግሎቢን 15.9 ሆኖ አግኝቶታል። ይህ በባሕር ጠለል አቅራቢያ ከሚኖር ሰው ብዙ የማይለይ ነው። በተመሳሳይ ከፍታ የሚኖሩ የደቡብ አሜሪካው የአንዲስ ተራራ ሰዎች ደማቸው እጅግ ሲወፍር የእኛ ደገኞች አካል ሌላ መላ አግኝቷል። ስለዚህ «ደገኛ ነኝ» የሚለው 18.4ን አያስረዳም። የዴንቨር 1,600 ሜትርም ጥቂት ሊጨምር ይችላል እንጂ ሰባት ነጥብ አይጨምርም፤ ሕክምናውን ሲጀምሩም እዚያው ከተማ ሆነው 48 ነበሩ። ያ 48 ራሱ ማስጠንቀቂያ ነበር። የአሜሪካ የኢንዶክሪን ሐኪሞች ማኅበር በ2018 ባወጣው መመሪያ ከ48 በላይ፣ ከፍታ ላይ ለሚኖር ሰው ደግሞ ከ50 በላይ ሆኖ ሕክምናውን መጀመር አይመከርም። እርስዎ ጠርዙ ላይ ሆነው ጀምረዋል ማለት ነው። ስለዚህ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ደምዎ በድጋሚ መታየት ነበረበት፤ በዚያ ጊዜ ታይቶ ከሆነ ቁጥሩን ይጠይቁና ያግኙት።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ቃል እንምጣ፤ ከጻፉት ሁሉ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ማንኮራፋት ብቻውን በሽታ አይደለም። ይጠይቋቸው፦ ማንኮራፋቱ ድንገት ጸጥ ብሎ ትንፋሽዎ ተቋርጦ፣ ከዚያ እንደታነቀ ሰው ድንገት አየር ይስባሉ? ጠዋት ራስዎን ያምዎታል? ቀን ቁጭ ባሉበት እንቅልፍ ይጥልዎታል? ከሆነ በእንቅልፍ ውስጥ የትንፋሽ መቆራረጥ፣ አፕኒያ የሚባለው፣ ሊኖርብዎት ይችላል። ሌሊቱን ሙሉ ኦክስጅን በወረደ ቁጥር ኩላሊት «አየር አነሰ» ብሎ ኤሪትሮፖይቲን ይለቃል፤ ቴስቶስተሮኑ ከሚያደርገው ጋር ተደምሮ ሄማቶክሪቱን ይገፋዋል። ከባድና ያልታከመ አፕኒያ ያለበት ሰው ቴስቶስተሮን እንዳይጀምር የሚመከረውም በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ከዚህም አልፎ ውፍረት፣ ስኳርና የተበላሸ እንቅልፍ ራሳቸው ቴስቶስተሮንን ያወርዳሉ። በሌላ አነጋገር መርፌውን ያስጀመረዎት ድካም ከመጀመሪያው የእንቅልፍ ድካም ሊሆን ይችላል። የእንቅልፍ ምርመራው ዛሬ ከባድ አይደለም፤ ጣትና አፍንጫ ላይ የሚደረግ መሣሪያ ቤት ወስደው አንድ ሌሊት ተኝተውበት ይመልሳሉ። ያስደርጉት።

ኤምፓግሊፍሎዚንም ድርሻ አለው። እሱና ዘመዱ ዳፓግሊፍሎዚን ሄማቶክሪትን ሁለት ሦስት ነጥብ ያህል ከፍ ያደርጋሉ፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ነገር ግን ለልብና ለኩላሊት የሚሰጡት ጥቅም ትልቅ ስለሆነ በራስዎ እንዳያቆሙት። ሐኪምዎ ሲያሰላ እንዲያስገባው ብቻ ይንገሩት። ሽንት የሚያበዛ የግፊት ክኒንና ሺሻም እንዲሁ ይቆጠራሉ፤ «ሲጋራ አላጨስም» የሚል ሰው በሳምንት ሁለት ቀን ሺሻ ቤት የሚያመሽ ከሆነ የከሰሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሥራውን ይሠራል።

የጂሙ ልጅ የነገረዎት 45 ከሌላ በሽታ የተወሰደ ቁጥር ነው። ፖሊሳይቴሚያ ቬራ የሚባል የመቅኔ ካንሰር አለ፤ ከታማሚዎቹ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጃክ 2 በተባለው ዘረ መል ላይ ለውጥ ይገኝባቸዋል። ሄማቶክሪትን ከ45 በታች መያዝ የደም መርጋትንና ሞትን እንደሚቀንስ በ2013 የታተመ ጥናት ያሳየው ለእነዚህ ታማሚዎች ነው። በቴስቶስተሮን ምክንያት የወጣን ሄማቶክሪት 45 ለማድረስ መታገል ጥቅሙ አልታየም፤ ጉዳቱ ግን አለ። የእርስዎ ነጭ ሴልና ፕሌትሌት በወረቀቱ ላይ ስንት እንደሆኑ አልጻፉልኝም። እነሱም ከፍ ካሉ፣ ሙቅ ውኃ ከታጠቡ በኋላ ገላዎን የሚያሳክክዎት ከሆነ፣ ወይም መርፌው ከቆመ ከሦስት ወር በኋላም ቁጥሩ ካልወረደ፣ የጃክ 2ና የኤሪትሮፖይቲን ምርመራ ያስፈልጋል። አለበለዚያ አሁን ወደዚያ መሮጥ አያስፈልግም።

ደም እየለገሱ መርፌውን መቀጠል የሚለው ምክር ግን በጣም ተስፋፍቷል፤ ቆም ብዬ ላስረዳ። አንድ ከረጢት ደም፣ ማለትም 450 ወይም 500 ሚሊሊትር፣ ሄማቶክሪትን ሦስት ነጥብ ገደማ ያወርዳል። ከእሱ ጋር ከ200 እስከ 250 ሚሊግራም ብረት አብሮ ይወጣል። አካላችን ከምግብ በቀን የሚያገኘው አንድ ሁለት ሚሊግራም ብቻ ነው። አሜሪካ ውስጥ በየ56 ቀኑ መለገስ ይፈቀዳል፤ እንደተፈቀደው የለገሰ ሰው በዓመት ከአንድ ግራም በላይ ብረት ያጣል ማለት ነው፤ ይህ አንድ ወንድ በመጠባበቂያ ከሚያከማቸው ጋር የሚቀራረብ ነው። መርፌው ግን አሁንም መቅኔውን «አምርት» ይለዋል።

አንድ ታካሚ ትዝ ይለኛል። ክፍሌ ሲገባ በእጁ በረዶ የሞላ የፕላስቲክ ብርጭቆ ይዞ ነበር፤ እያወራን በየመሃሉ በረዶውን ይቆረጥማል። ከምግብ ይልቅ በረዶ ያምረኛል አለኝ። በዓመት ስድስት ጊዜ እየለገሰ በሳምንት 150 ሚሊግራም ይወጋ ነበር። በአካል የተከማቸውን ብረት የሚያሳየው ፌሪቲኑ 7፣ ሄማቶክሪቱ 53፤ ሴሎቹ በቁጥር እጅግ የበዙ፣ እያንዳንዳቸው ግን ትንንሽና ባዶ። ድካሙ ስለባሰበት የመጣው መርፌው እንዲጨመርለት ነበር። የደከመው ግን ብረት አልቆበት ነው። ከመርፌው ግማሽ ያህሉን ቀንሰን፣ ልገሳውን አስቁመን፣ ፌሪቲኑ ቀስ ብሎ እስኪመለስ ወራት ወሰደ። በረዶ የመቆርጠም አምሮቱ መጀመሪያ ጠፋ። እርስዎን እዚያ እንዲደርሱ አልፈልግም። ቧንቧው እየፈሰሰ ወለል ማድረቅ እንዲህ ነው። ደም መለገስ መልካም ሥራ ነው፤ ለሌላ ሰው ሲባል ይለግሱ፣ የተሳሳተ መጠንን ለመሸፈን ግን አይሁን። ዋግምትም ከዚህ አይለይም፤ የሚወጣው ደም ጥቂት፣ የመመርቀዝ አደጋው ደግሞ የራሱ ነው።

አስፕሪን ሄማቶክሪትን አንድ ነጥብ አያወርድም። ፕሌትሌት እንዳይያያዝ ያደርጋል፣ ጨጓራንም ያደማል። ስኳር ስላለብዎት ለልብዎ ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪምዎ ሊወስን ይችላል፤ በዚህ ምክንያት ግን አይውሰዱት። እንጀራዎን ይብሉ። በጤፍ ላይ የሚለካው ብረት ከፊሉ ከአውድማ አፈር የመጣ ነው፤ ያም ሆነ ይህ ቁጥርዎን ከፍ ያደረገው ምግብ ስላልሆነ ምግብ መተው አያወርደውም።

አደጋው ምን ያህል ነው? እውነቱን ለመናገር ሄማቶክሪት ሲያልፈው ሕክምናው እንዲቆም የሚመከርበት 54 የሚለው ወሰን ባለሙያዎች ተማክረው ያስቀመጡት እንጂ በዚያ ቁጥር ደም መርጋት ይጀምራል ተብሎ በሙከራ የተረጋገጠ አይደለም። ትራቨርስ የተባለውና በ2023 የታተመው ትልቅ ሙከራ ከ5,000 በላይ ወንዶችን አካቶ፣ ቴስቶስተሮን ጄል የተቀቡት በድንገተኛ የልብ ሕመምና በስትሮክ ከሌሎቹ እንዳልበለጡ አሳይቷል። ብዙ ሰው ይህን ብቻ ይጠቅሳል። በዚያው ሙከራ ግን ወደ ሳንባ የሚሄድ የረጋ ደም፣ የልብ ምት መዛባትና ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት በቴስቶስተሮን ተጠቃሚዎቹ ላይ በርክቶ ታይቷል። ደግሞም ሄማቶክሪት ከ54 በታች እንዲቆይ መጠኑ እየታየ ይስተካከል ነበር፤ በየሁለት ሳምንቱ 200 እየተወጋ ወደ 55 ለወጣ ሰው ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም። በ2022 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በዚህ ሕክምና ላይ ሆነው ሄማቶክሪታቸው 52 እና ከዚያ በላይ የደረሱ ወንዶች በመጀመሪያው ዓመት የልብ፣ የስትሮክና የደም መርጋት ችግር ካልደረሱት ይልቅ እንደበዛባቸው አሳይቷል። አደጋው ለአንድ ሰው ሲሰላ ትንሽ ነው። የእርስዎ ግን ስኳር አለበት፣ ዕድሜ አለበት፣ ረጅም በረራም ሊጨመርበት ነው።

ስለዚህ እኔ የምለው ይህን ነው። ቀጣዩን መርፌ አይውጉ፤ ዛሬውኑ ለሐኪምዎ ደውለው ከ54 በላይ ስለሆንኩ ማቆም አለብኝ ይበሉ። ሙሉ የደም ቆጠራ፣ ፌሪቲንና የኩላሊት ምርመራ በዚህ ሳምንት ይደገም። የእንቅልፍ ምርመራው ይታዘዝ። ሕክምናው ሲጀመር ቴስቶስተሮንዎ በሁለት የተለያዩ ጠዋቶች ተለክቶ እንደነበር ከመዝገብዎ ይፈልጉ፤ በአንድ የከሰዓት ምርመራ ብቻ የተጀመረ ከሆነ መርፌው ያስፈልግዎት እንደሆነ ራሱ እንደገና መታየት አለበት። ካቆሙ በኋላ ድካምና የስሜት መውረድ ሊመጣ ይችላል፣ ምክንያቱም የራስዎ ምርት በመርፌው ተኝቷል፤ ለመንቃት ወራት ይፈልጋል። ይህን አስቀድመው ይወቁት፣ ባለቤትዎም ይወቁት።

ትዕግሥት የሚጠይቀው ቁጥሩ ነው። ቀይ ሴል 120 ቀን ያህል ይኖራል፤ ዛሬ መርፌ ቢቆም አሁን የሚዞሩት ሴሎች ነገ አይጠፉም። ከ50 በታች ለመውረድ ሁለት ሦስት ወር ሊወስድ ይችላል፣ በረራዎ ግን ስድስት ሳምንት ነው የቀረው። አንድ ጊዜ፣ በሐኪም ትእዛዝ፣ ፌሪቲን ታይቶ ደም ማስወጣትን የምደግፈው እዚህ ላይ ነው። በድጋሚው ምርመራም ከ54 በላይ ከሆኑ ከጉዞው ሁለት ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ አንድ ከረጢት ይውጣልዎት። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ያለው ቀጥታ በረራ ብቻ ወደ 13 ሰዓት ስለሚጠጋ የመተላለፊያ ዳር ወንበር ይያዙ፣ በየሰዓቱ ተነሥተው ይራመዱ፣ ውኃ ይጠጡ፣ አልኮል ይቅርብዎት፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ አጥባቂ ካልሲ ያድርጉ። የአዲስ አበባ ከፍታ ለጥቂት ሳምንት ቆይታ አያስፈራም። እዚያ እያሉ ግን ጂም አካባቢ የሚሸጥ መርፌ እንዳይገዙ፤ ምን እንዳለበት የሚያውቅ የለም።

ሄማቶክሪቱ ከ50 በታች ሲሆንና ሕክምናው በእርግጥ የሚያስፈልግዎት መሆኑ ሲረጋገጥ በሳምንት ከ50 እስከ 60 ሚሊግራም ከቆዳ ሥር፣ ወይም በየቀኑ በሚቀባ ጄል ይጀምሩ። መርፌ ከመረጡ ቴስቶስተሮኑ በሁለት መርፌዎች መካከል ባለው ቀን ይለካ፤ ከ350 እስከ 600 ናኖግራም በዴሲሊትር ባለው ከተገኘ በቂ ነው፣ ከዚያ በላይ መፈለግ ወደ 55 ይመልሰዎታል። የደም ቆጠራው በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር፣ ከዚያ ቢያንስ በየስድስት ወሩ ይሁን። እንደገና ከ54 ካለፈ በመርፌ መቀጠል ይቅርና ወደ ጄል ይዛወሩ፤ በጄልም ከወጣ ይህ ሕክምና ለእርስዎ አይሆንም።

እስከዚያው አንድ እግርዎ ብቻ ካበጠና ካመመዎት፣ ድንገት ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ደረትዎን ከወጋዎት፣ ፊትዎ ወደ አንድ ጎን ከዘነበለ፣ አንደበትዎ ከተያያዘ ወይም አንድ ዓይንዎ ከጋረደዎት ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ዴንቨር ከሆኑ 911 ይደውሉ፣ አዲስ አበባ ከሆኑ ቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ሲደርሱም «ቴስቶስተሮን እወጋ ነበር፣ ሄማቶክሪቴ 55 ደርሶ ነበር» ብለው ሳይጠየቁ ይናገሩ።